ሰው ስታርሙ

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በአራሚነት ነው። የሰው ጽሑፍ ላይ ቀይ እስክሪብቶ ማሳረፍ እንጀራዬ ነበር። ስለዚህ እናንተ በኢንተርኔት ላይ የሰው ጽሑፍ ስታርሙ ሳይ ዝም ማለት አይሆንልኝም።

ለጥምቀት እዚህ ጎንደር ፒያሳ ላይ ባነር ተሰቅሎ ነበር። «እንኳን ለብርሀነ ጥምቀቱ» ይላል። ሁለት ጎረምሶች ከሥሩ ቆመው «ሀ» ነው «ሃ» ነው ይከራከራሉ። እስከዚህ ደስ ይላል። አንደኛው «ደንቆሮ» አለና ነገሩ ወደ ዘር ቆጠራ ዞረ። ፊደሏን የሚያስታውሳት ጠፋ።

መጀመሪያ ስሕተት መሆኑን አጣሩ። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ፤ በግእዝ ቦታ ቢለዋወጡ ትርጉም ይቀየራል። «ሠረቀ» የፀሐይ መውጣት ነው፤ ምሥራቅ የመጣው ከዚያ ነው። «ሰረቀ» ግን ያው ሌብነት ነው። በአማርኛ ድምፆቹ ስለተዋሐዱ «ዓመት»ን «አመት» ብሎ የጻፈውን ሁሉም ይረዳዋል። መጽሐፍ የምታሳትሙ ከሆነ በሥርዓቱ ጻፉ። «ደህና አደራችሁ ልጆቼ» ብለው ለጻፉ እናት ግን እርማት ምን ያደርግላቸዋል?

«መምህራኖች» እና «ሕፃናቶች» ላይ እኔም አልለቅም። ብዙ ላይ ሌላ ብዙ ተደርቧል። («ቃላቶችን በትክክል ጻፉ» ብሎ የሚቆጣ አራሚም አይቻለሁ!)

ክርክር ለጎንደር ልጅ አዲስ ነገር አይደለም። እዚሁ ከተማችን የቅዱሳት መጻሕፍት ትርጓሜ ሊቃውንት «ላይ ቤት» እና «ታች ቤት» ተብለው በሁለት ወገን ተለይተዋል። ታች ቤት ሲነሣ የመምህር ኤስድሮስ ስም ይነሣል። የትርጓሜው መንገድ ግን ደስ ይላል፤ አንዱን ሐተታ ይሰጥና «አንድም» ብሎ ሌላውን ያስከትላል። የፊተኛውን አያፈርሰውም። እናንተም «ተሳስተሃል» ከማለታችሁ በፊት «አንድም እንዲህ ይባላል» ብትሉ ምን አለበት? ማስረጃም ይዛችሁ ኑ። «አስተማሪያችን እንዲህ ብለውናል» ማስረጃ አይሆንም። የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. ታትሟል፤ ግለጡና ገጹን ጥቀሱ።

ፊቱን የማታዩትን ሰው በ«አንተ» አትጀምሩት። አያታችሁን የሚያህል ሊሆን ይችላል። «አንቱ» በሉ፤ ወጣት ከሆነ ራሱ «ኧረ አንተ በለኝ» ይላችኋል። ተራ የፊደል ግድፈት ከሆነ በውስጥ መስመር ንገሩት። አደባባይ ላይ ከሆነ ይናደዳል እንጂ አያስተካክለውም።

ጠይቃችሁ መልስ ስታገኙ ሳታመሰግኑ ውልቅ አትበሉ። በክርክሩ ከተረታችሁም የጻፋችሁትን አታጥፉት፤ የመለሰላችሁ ሰው ብቻውን የሚለፈልፍ ይመስላል። ከሥሩ «ልክ ነዎት» ብላችሁ ጨምሩበት፣ በቃ።