ትሪስታን ዳ ኩኛ፦ ከሩቅ የምትታይ፣ ለመውረድ የምታስቸግር ደሴት

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጆች፣ በደቡብ አትላንቲክ አውሮፕላን የማያርፍባት ትሪስታን ዳ ኩኛ የምትባል ደሴት እንዳለች ሰማሁ። ሰው እንዴት ሰፈረባት? እሳተ ገሞራው ሲፈነዳ ነዋሪዎቹ ምን ሆኑ? እኔስ መሄድ እችላለሁ?
አንባቢ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ደሴቲቱ ራሷ እሳተ ገሞራ ናት። ከፍታዋ 2,062 ሜትር ነው፤ ከአዲስ አበባ ያንሳል፣ ግን በቀጥታ ከባሕሩ የሚነሣ ነው። ዙሪያዋን ወደ 600 ሜትር የሚደርስ ገደል ከቧታል። ስፋቷ 98 ካሬ ኪሎ ሜትር ቢሆንም ለመኖሪያ የሚመች ሜዳ ያለው በሰሜን ምዕራብ በኩል ብቻ ነው። ብቸኛዋ መንደርም እዚያው ናት። ነዋሪዎቿ ከ250 ያንሳሉ፤ ድንች ያመርታሉ፣ ሎብስተር የሚባል ቅርፊታም የባሕር እንስሳ አጥምደው ይሸጣሉ።

በ1506 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ያያት ፖርቱጋላዊው መርከበኛ ትሪስታኦ ዳ ኩኛ ነው፤ ማዕበሉ አላወርድ ቢለውም ስሙን ሰጣት። እንግሊዝ በ1816 ወታደር ያሰፈረችባት ፈረንሳዮች ናፖሊዮንን ከታሰረበት ከቅድስት ሄለና ደሴት እንዳያስመልጡት ፈርታ ነው። በሁለቱ ደሴቶች መካከል ከ2,400 ኪሎ ሜትር በላይ ባሕር አለ፤ ጥንቃቄው የበዛ ይመስላል። ጦሩ በ1817 ሲወጣ አሥር አለቃ ዊልያም ግላስ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ከጥቂት ባልደረቦቹ ጋር ቀረ። በ1827 ከቅድስት ሄለና አምስት ሴቶች መጥተው እዚያ ትዳር ያዙ። መርከባቸው የተሰበረባቸው ባሕረኞችም ተጨመሩ። በ1869 የስዊዝ ቦይ ሲከፈት ግን በዚያ በኩል የሚያልፈው መርከብ ተመናመነ።

በ1961 ለሁለት ወር ያህል ምድር ሲንቀጠቀጥ ቆይቶ፣ በጥቅምት ወር ከመንደሩ ጥግ መሬቱ ተሰንጥቆ አበጠና ቅልጥ ድንጋይ ወጣ። 264ቱ ነዋሪዎች በጀልባ ወደ ናይቲንጌል ደሴት፣ ከዚያ ወደ ኬፕታውን፣ በመጨረሻም ወደ እንግሊዝ ተወሰዱ። የሚገርመው፣ ቤቶቹ በአብዛኛው ተረፉ፤ የተቀበረው የሎብስተር ማሸጊያው ፋብሪካና ጀልባ የሚሳብበት ዳርቻ ነው። ስለ መመለስ ድምፅ ሲሰጡ 148 ደግፈው 5 ብቻ ተቃወሙ፤ በ1963 ተመለሱ። ዳርቻቸው ስለጠፋ በ1967 ትንሽ ወደብ ተሠራላቸው።

የዛሬም ችግር ይኸው ወደብ ነው። ትልቅ መርከብ አያስገባም፤ መርከቡ ከሩቅ መልሕቁን ይጥልና ሰውና ዕቃ በትንንሽ ጀልባ ይወርዳል። ማዕበሉ ከበረታ ቀናት መጠበቅ፣ አንዳንዴም ሳይወርዱ መመለስ አለ።

ጉዞው ከኬፕታውን 2,800 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በደህና ጊዜ አንድ ሳምንት ግድም ይፈጃል። ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት የሚሄዱበትን ምክንያትና ቀን ጽፈው ከደሴቲቱ ምክር ቤት ፈቃድ ያግኙ። የመርከቡ አልጋ ጥቂት ስለሆነ ቅድሚያው የነዋሪዎቹ ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ካለዎት የደቡብ አፍሪካን ቪዛ ሁለት ጊዜ የሚያስገባውን ይጠይቁ፤ በመመለሻዎ እንደገና ኬፕታውን ይገባሉና። መመለሻ በረራዎንም ቀኑ የሚቀየር ያድርጉት። እዚያው ልቅር ካሉ ግን አይሆንም፤ መሬቱ የነዋሪዎቹ የጋራ ነው፣ ለውጭ ሰው አይሸጥም።