ባህሩን ማን ወሰደው?

ክረምት ሲቃረብ ከጅማ ወላጆች የሚደርሱኝ ጥያቄዎች መልካቸው ይለወጣል። ጥርስ ማብቀሉና የትምህርት ቤት ክፍያው ወደ ጎን ይልና ሻንጣ ይመጣል። ዘንድሮ ደግሞ ብዙዎቻችሁ አንድ ነገር ላይ ተገናኝታችኋል፤ ትንንሽ ልጆች ይዞ ባህር ዳርቻ ያለ «ኦል ኢንክሉሲቭ» ሪዞርት መሄድ። መኝታው፣ ምግቡና መጠጡ በአንድ ዋጋ ተከፍሎ የሚገባበት ማለት ነው። አንዳንዶቻችሁ የታንዛኒያዋን ደሴት ዛንዚባር፣ አንዳንዶቻችሁ የኬንያዋን ሞምባሳ ብላችኋል። (ባለቤቴ መጀመሪያ «ባህር ዳርቻ እንሂድ» ስለው ጣና መስሎት ነበር።) እኛ ሦስት ልጆች ይዘን ዛንዚባር ደርሰን ተመልሰናል። ከምመልሰው ውስጥ ግማሹን የተማርኩት ከራሴ ስህተት ነው።

«ሁለት ልጆች አሉን፣ የ3 እና የ6 ዓመት። ባለቤቴ ‹አንዴ ከከፈልን ኪሳችንን አንነካም› ይላል። እውነት ነው?» ከፈረንጅ አራዳ

ግማሹ እውነት ነው። ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት፣ ጁስና ለስላሳ አብዛኛውን ጊዜ ዋጋው ውስጥ አለ። ከአየር ማረፊያ የሚወስዳችሁ መኪና፣ የጀልባ ጉዞ፣ የልብስ አጠባ፣ ማሳጅና ልጅ ጠባቂ ግን ብዙ ጊዜ ለብቻ ይከፈላል። «ሁሉም ተካቷል» ሲሏችሁ «ምን ምን?» ብላችሁ በጽሑፍ ተቀበሉ።

ስለ 3 ዓመቱ ልጅሽ ልንገርሽ። «ኪድስ ክለብ አለን» ተብሎ ይነገርሻል። ብዙዎቹ ልጅ ብቻውን የሚቀበሉት ከ4 ዓመት ጀምሮ ነው። ከዚያ በታች ከሆነ አንቺም አብረሽው ትቀመጫለሽ። እኔ በሐሳቤ ጥላ ስር ጋደም ብዬ መጽሐፍ ሳነብ ነበር የታየኝ። የሆነው ግን ሌላ ነው። ትንሽዬ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ደርሶ፣ ወረቀት ዓሣ ቀለም ስቀባ ዋልኩ።

ከሪዞርቱ ውጪ ያለውንም ደምሩ። ከጅማ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ወደ ደሴቱ የአራት ሰው ትኬት አለ። ዛንዚባር ከጥቅምት 2024 እንደ ፈረንጆቹ ጀምሮ ከውጭ የሚገባ እንግዳ ሁሉ እዚያው የሚሸጠውን የጉዞ ኢንሹራንስ እንዲገዛ አዛለች። ለአዋቂ 44 ዶላር ነው፣ ለልጅ ይቀንሳል። የቢጫ ወባ ክትባትም አለ። ከኛ አገር ሲገባ ታንዛኒያም ኬንያም ከ1 ዓመት በላይ ላለ ሁሉ ካርዱን ይጠይቃሉ። ካርዱ የሚሠራው ከተከተባችሁ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ የመጨረሻው ሳምንት ላይ አትሩጡ። አንዴ ከተከተባችሁ ግን የዕድሜ ልክ ነው።

«እኛ ቤት መጠጥ አይገባም። ለማንጠጣው ቢራና ወይን ለምን እንከፍላለን? ምግቡስ ሐላል ነው?» የአራት ልጆች እናት፣ ከሄርማታ

ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው ይህን አይጠይቅም። «ኦል ኢንክሉሲቭ» ዋጋውን የሚያንረው አንዱ መጠጡ ነው። «ሃፍ ቦርድ» ወይም «ፉል ቦርድ» የሚባለውን ዋጋ አስጠይቂ። የመጀመሪያው ቁርስና እራት ነው፤ ሁለተኛው ሦስቱንም ምግብ ይይዛል፤ መጠጥ ለብቻ ነው። ልዩነቱን ከያዝሽ በኋላ ልጆችሽ በቀን የሚጠጡትን ጁስና የታሸገ ውኃ አስቢ። አራት ልጅ ሙቀት ውስጥ ቀላል አይጠጣም። ከዚያ በኋላ የቱ እንደሚሻል ራስሽ ታውቂዋለሽ።

ስለ ሐላሉ፣ የዛንዚባር ሕዝብ ከሞላ ጎደል ሙስሊም ነው፤ ሥጋው ብዙም አያስቸግርሽም። ሆኖም ብዙ ሪዞርቶች ለፈረንጅ የአሳማ ሥጋ ቡፌ ላይ ያወጣሉ። ልጆችሽ ሳህን ይዘው ራሳቸው ከመሮጣቸው በፊት ምግብ አብሳዩን ጠይቂና ጠረጴዛውን አሳዪያቸው። የአዛን ድምፅ ሲሰሙ የኔ ልጆች «ጅማ ደረስን እንዴ?» ብለው ነበር።

«ጫት ይዤ ብሄድስ?» ስሜ አይጠቀስ

ታንዛኒያ ውስጥ የተከለከለ ዕፅ ነው። እስር ቤት «ኦል ኢንክሉሲቭ» የለም። ጅማ ተወው።

«መቼ ብንሄድ ይሻላል? ለፋሲካ አስበን ነበር።» ከጅሬን

ለፋሲካ ተዉት። ከመጋቢት እስከ ግንቦት በዚያ ባህር ዳርቻ ዋናው የዝናብ ወቅት ነው። አንዳንዱ ሪዞርት ጭራሽ ዘግቶ ዕድሳት ላይ ይሆናል። ዋጋው ሲረክስ ያየ ሰው «ተገኘ!» ብሎ ይዘላል፤ የረከሰው ግን በምክንያት ነው። የልጆቻችን ረፍት ሐምሌና ነሐሴ ነው። የኛ ሰማይ ሲያፈስ የዚያ ሰማይ ጥርት ያለ፣ ሙቀቱም ለዘብ ያለ ነው። ዋጋው ግን ጣሪያ ይነካል፤ ፈረንጁም ልጁን ይዞ የሚመጣው ያኔ ነው። የፍልሰታ ጾም የምትጾሙ ደግሞ ነሐሴ 1 ከመግባቱ በፊት ብትመለሱ ቡፌው ፊት ለፊት አትፈተኑም። ጥር ላይ የግማሽ ዓመት ረፍት ካላቸውም ደረቅ ወቅት ነው፤ ሙቀቱ ግን ለጅማ ልጅ ከበድ ይላል።

«ፎቶው ላይ ሰማያዊ ውኃ ደጃፍ ድረስ ይታያል። የትኛውን የባህር ዳርቻ እንምረጥ?» ከአጂፕ

እዚህ ላይ ነው የተሸወድኩት። በምሥራቁ ዳርቻ ያለ ሪዞርት ያዝን። ፎቶው ያው አንተ ያየኸው ዓይነት ነው። ማታ ደረስን፣ የማዕበሉን ድምፅ ሰምተን ተኛን። ጠዋት የአምስት ዓመቱ ልጄ መጋረጃውን ገለጠና ጮኸ፤ «እማዬ፣ ባህሩን ማን ወሰደው?» እውነትም የለም። እስከ ሩቅ ድረስ እርጥብ አሸዋ፣ ድንጋይና የባህር ሣር ብቻ። ሴቶች ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው እየሄዱ የባህር ሣር እርሻቸውን ያያሉ። ውኃው ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ሸሽቷል።

ነገሩ ይህ ነው። ባህር በጨረቃና በፀሐይ ስበት በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። ከሙላት እስከ ጉድለት ስድስት ሰዓት ገደማ ነው፤ ሰዓቱም በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ይገፋል። ዛንዚባር ላይ በሙሉ ጨረቃና በአዲስ ጨረቃ ሰሞን የከፍታው ልዩነት 4 ሜትር ገደማ ይደርሳል። እንደ ፓጄና ጃምቢያኒ ባሉ የምሥራቅ ዳርቻዎች ወለሉ ዝርግ ስለሆነ ውኃው ርቆ ይሸሻል። በሰሜን ያሉት ኑንግዊና ኬንድዋ ግን ቀኑን ሙሉ ለመዋኘት ይመቻሉ። ትንሽ ልጅ ካለህ ሰሜኑን ያዝ።

ምሥራቁን ከያዛችሁም ቀኑ ባዶ አይቀርም። ውኃ ሲሸሽ ድንጋይ መሃል ሸርጣንና ኮከብ ዓሣ ይታያል፤ ልጆቼ ከመዋኛው ይልቅ ያንን ነው ዛሬም የሚያወሩት። ግን በባዶ እግር አይሆንም። እንደ ጃርት እሾህ ያለው የባህር እንስሳ አለ፣ እሾሁ ተረከዝ ውስጥ ይሰበራል። ተራ የላስቲክ ጫማ ይበቃል፤ ከጅማ መርካቶ ገዝታችሁ ሂዱ። ውኃው ተመልሶ የሚሞላበትን ሰዓት ጠዋት ጠዋት ከሪሴፕሽን ጠይቁ። በእግር ርቆ የሄደ ልጅ ሲሞላ መመለሻ ያጣል።

«ልጆቼ ዋና አይችሉም። እኔም አልችልም። በጣም ፈርቻለሁ፣ ይቅርብን?» ከቆቺ

አይቅርባችሁ። ፍርሃትሽን ግን ይዘሽው ሂጂ፣ ይጠቅምሻል።

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት፣ የሰመጠ ልጅ አይጮኽም። ፊልም ላይ እንዳለው እጁን አያወናጭፍም። አፉ ውኃው ጋር ስለሚሆን ድምፅ የለውም፤ አንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ነገሩ ያልፋል። ስለዚህ «ስሰማ እደርሳለሁ» አይሠራም። ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ ውኃ ውስጥ ሲሆን እጅሽን ስትዘረጊ የምትነኪው ርቀት ላይ መሆን አለበት። ዋና ስለማትችይ አንቺ ከወገብሽ አትለፊ፤ እሱም ካንቺ አይለፍ።

ሁለተኛ፣ አደጋው የሚመጣው ሰው ሲጠፋ ብቻ አይደለም፣ ሰው ሲበዛም ነው። አባት እናት እያየች ነው ይላል፣ እናት አክስት፣ አክስት ደግሞ የሪዞርቱ ጠባቂ። ሁሉም አለ፣ የሚያይ ግን የለም። እኛ ቤት አንድ ቢጫ ኮፍያ ነበረ። ኮፍያውን ያደረገ ሰው ስልክ አይነካም፣ አያወራም፣ ልጆቹን ብቻ ያያል። በየ20 ደቂቃው ኮፍያው ከራስ ወደ ራስ ይተላለፋል። አንድ ቀን ባለቤቴ ኮፍያውን አድርጎ ኳስ ውጤት ሲያይ ሴት ልጄ «አባዬ፣ ኮፍያው!» ብላ በሰው ፊት አፈረጠችው።

ክንድ ላይ የሚነፋውን ላስቲክ አትመኚ፤ ይተነፍሳል፣ ይወልቃል። መጫወቻ እንጂ ሕይወት አድን አይደለም። ሕይወት አድን ጃኬት በልጁ ክብደት ልክ ጠይቂ። የዋና ልብሱ ሰማያዊ ወይም ነጭ አይሁን፣ ውኃ ውስጥ ይጠፋል። ብርቱካናማ ወይም ደማቅ ሮዝ ግዢ። እንግዳው ሁሉ እጁ ላይ የሚታሰርለት ማሰሪያ አለ፤ የልጆቹ ላይ ስልክሽን በማይለቅ እስክሪብቶ ጻፊበት።

አንድ የኛ አገር ልማድ ደግሞ ልንካ። ከውኃ የወጣን ልጅ እግሩን ይዞ ዘቅዝቆ ማራገፍ አይሠራም፣ ውድ ጊዜ ያባክናል። የማይተነፍስ ከሆነ የሚያስፈልገው ወዲያው ትንፋሽ መስጠት ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ከባልና ሚስት አንዳችሁ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና ፈልጉ። ለሪዞርት ሺዎች እያወጣን ለዚህ አንድ ከሰዓት በኋላ ማጣት አይገባንም።

«የ5 ወር ልጅ አለችኝ። ፀሐዩ አይጎዳትም?»

ጥላ ስር ትዋል። ከ6 ወር በታች ላለች ልጅ ከክሬም ይልቅ ጥላ፣ ሰፊ ባርኔጣና ስስ ረጅም እጅጌ ይመረጣል። ለትልልቆቹ የመከላከያ ቁጥሩ (SPF) 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ ክሬም፣ በየ2 ሰዓቱና ከውኃ በወጡ ቁጥር። «እኛ ጥቁር ነን፣ አንቃጠልም» የሚለውን ተዪው፤ የኔ ልጅ ትከሻ ተልጧል። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት 9 ሰዓት ክፍል ውስጥ ማስተኛት ነው። ለተቅማጥ ኦአርኤስ ያዢ። ማታ ማታ አጎበር አለ ወይ ብለሽ ጠይቂ፣ ወባ እዚያም አለ። ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ከመጣም ለሐኪሙ የት እንደነበራችሁ ንገሪው።

«አማቴ ‹ላንጋኖ እያለ ምን አንከራተታችሁ› ይላሉ። ምን ልበላቸው?» ከመርካቶ

ምንም አትበያቸው፣ ልክ ናቸው። ከሦስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ውቅያኖስና ባልዲ ውኃ አይለይም። ላንጋኖ አሸዋ አለው፤ ውኃው ቡናማ ቢሆንም ከማዕድኑ ነው፣ ቢልሃርዚያ የለበትም ተብሎም ለዋና ሲመረጥ ኖሯል። ፓስፖርትም ዶላርም አይጠይቅም። መንገዱ ግን ቀላል አይደለም። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከዚያ ላንጋኖ ሌላ 200። ወልቂጤ ላይ ሳትደርሱ የጊቤ ጠመዝማዛ አለ። እዚያ ሳይደርሱ ልጆቹን ወተት አታጠጪ፤ የኛን መኪና ጠረን ለማስለቀቅ አንድ ወር ፈጅቶብናል። ቸኩላችሁ በአንድ ቀን አትጨርሱት፣ አዲስ አበባ እደሩ። አማትሽንም ይዘሻቸው ሂጂ። ቢጫውን ኮፍያ ከሳቸው የተሻለ የሚያደርገው የለም።

«ስንሄድ ምን እንዳንረሳ? ምንስ እንዳንይዝ?»

ፌስታል አትያዙ። እንደ ፈረንጆቹ ኬንያ ከ2017፣ ታንዛኒያ ከ2019 ጀምሮ የላስቲክ ከረጢት ከልክለዋል። እኛ ደግሞ ጫማውን በፌስታል፣ በርበሬውን በፌስታል ነው። ጨርቅ ከረጢት ተጠቀሙ። የተፈጨ ቡና ያዙ። ለጅማ ሰው የሪዞርት ማሽን ቡና ቅጣት ነው። ጀበናውን ግን ተዉት፣ ክፍል ውስጥ ከሰል ማንም አይፈቅድም።

ሰዓትም አትርሱ። ጊዜው ከኛ ጋር አንድ ነው፣ አቆጣጠሩ ግን ያወዛግባል። ስዋሂሊ እንደኛው ከንጋት ነው የሚቆጥረው፤ በእንግሊዝኛ ሲያወሩ ግን በፈረንጅ ሰዓት። እኔ ይህን አላውቅም። ወደ አሮጌው ከተማ ስቶን ታውን ለመሄድ ሾፌሩን ጠዋት እንዲመጣ «ቱ ኦክሎክ» አልኩት፣ በኛ ሁለት ሰዓት ማለቴ ነው። ልጆቹን አጥቤ፣ አልብሼ፣ ሎቢው ውስጥ ደርድሬ ጠበቅኩ። ሾፌሩ የመጣው በኛ 8 ሰዓት ነው፣ ልጆቹ ሶፋው ላይ ተኝተው። ሰዓቱን ሳሳየው ሳቀ። «ሳ ምቢሊ ብትይኝ ኖሮ እኮ ጠዋት እመጣ ነበር» አለኝ። ሳ ምቢሊ ሁለት ሰዓት ነው፣ የኛው ሁለት ሰዓት።