ስልኬን ስዘጋ ለምን ይከፋኛል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ከደብረ ብርሃን ነው የምጽፍልዎ። ማታ ማታ ቲክቶክና ፌስቡክ ሳይ አመሻለሁ። የእኩዮቼን ሠርግና አዲስ ቤት አይቼ ስዘጋው ይከፋኛል፤ ለኪዳንም መነሣት ያቅተኛል። ኃጢአት ይሆንብኛል? ስልኩን ልሽጠው?

መልስ፦ አትሽጪው፣ እኅቴ። የሰው ሠርግ አይቶ ቅር መሰኘት ብልጭ የሚል ሐሳብ ነው፤ ስለመጣ ብቻ ኃጢአት አይሆንም። ያቺኑ ሙሽራ ሦስቴ ከፍተሽ «እሷ ከኔ በምን በልጣ ነው?» ማለት ስትጀምሪ ግን ቅንዓት ሆኗል፤ እሱን ለንስሐ አባትሽ ንገሪ። ደግሞስ የድግሱን ዕዳ ማን ይለጥፋል?

ከሁሉ በፊት ስልኩን ከአልጋ አርቂው። በደብረ ብርሃን ብርድ ጋቢ ተከናንቦ ስልክ መነካካት እንደሚጥም አይጠፋኝም። ችግሩ ቪዲዮው ማለቂያ የለውም፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይተካና «በቃኝ» የምትይበት ቦታ ታጫለሽ። ቻርጀሩን ሳሎን ሰኪው። «ለኪዳን የሚቀሰቅሰኝ እሱ ነው» እንዳትይ ትንሽ የጠረጴዛ ሰዓት ግዢ። ጠዋትም ጸሎትሽን ሳታደርሺ አትክፈቺው።

ቀጥሎ ልክ አብጂለት። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ የፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ጥናት በ143 ተማሪዎች ላይ ተደርጎ ነበር፤ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ስናፕቻትን እያንዳንዱን በቀን 10 ደቂቃ ብቻ እንዲያዩ የተደረጉት በ3 ሳምንት ውስጥ ብቸኝነታቸውና ድብርታቸው ቀንሷል። አንቺም በቀን ግማሽ ሰዓት ይበቃሻል። ሴቲንግ ውስጥ የሰዓት መገደቢያ አለ፤ ኖቲፊኬሽኑንም አጥፊው።

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፦ ዐቢይ ጾም ሲገባ አፑን ጠራርጎ ያጠፋና ለትንሣኤ መልሶ ይጭነዋል። 55 ቀን የጾመ ሆድ ዶሮ ወጥ በአንዴ ሲወርድበት ምን እንደሚሆን ታውቂዋለሽ። ስለዚህ ባዶውን ሰዓት አትተዪው፤ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ድገሚበት፣ ወይ የታመመ ጎረቤት ጠይቂበት።

«ስብከት ልሰማ ነው የገባሁት» የሚለውንም ሰበብ እናውቀዋለን! ስብከቱን አውርደሽ፣ ዳታሽን አጥፍተሽ ስሚ። ከሥሩ ስለ ቤተ ክርስቲያን የሚሰዳደቡትን ማንበብማ፣ በእኔ ግምት ከሠርግ ፎቶው ይብሳል።

ድብርቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ከነሣሽ ጠበሉን ሳትተዪ ሐኪም ዘንድም ሂጂ። መታከም እምነት ማጉደል አይደለም።