ልጄ ወደምትኖርበት ከተማ ልሂድ ወይስ እዚሁ ልቅር?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 68 ነው። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ብቻዬን ነው የምኖረው። ቤቴ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ አሳንሰር የለውም፣ ጉልበቴ ደግሞ እያስቸገረኝ ነው። ልጄ ሌላ ከተማ ስለሆነች «እማዬ፣ ቤቱን ሽጪውና እኔ ጋ ነይ» እያለች ትወተውተኛለች። ግን ጓደኞቼም ሐኪሜም ያሉት እዚህ ነው። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እናቴ፣ ቤቱን ለመሸጥ አይቸኩሉ። ያስቸገረዎት ደረጃው ነው፤ ልጅዎ ያመጣችው መፍትሔ ግን ከተማ መቀየር ነው። ሁለቱ ለየቅል ናቸው። ለደረጃው ከሆነ እዚያው ሰፈርዎ ውስጥ ደረጃ የሌለው ወይም አሳንሰር ያለው ቤት መፈለግ ይቻላል። ብዙ አረጋውያን የሚያደርጉትም ይህንኑ ነው፤ እንደ ወጣቶቹ ቶሎ ቶሎ ቤት አይቀይሩም፣ ሲቀይሩም አብዛኞቹ ሩቅ አይሄዱም።

ዩጂን ሊትዋክና ቻርልስ ሎንጂኖ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1987 የአረጋውያንን ዝውውር ሦስት ቦታ ከፍለውታል። የመጀመሪያው ጡረታ እንደተወጣ፣ ገና በጤናና በአቅም እያሉ፣ ወደሚመች አየርና ዕረፍት መሄድ ነው። ሁለተኛው ሰውነት ሲደክም፣ የትዳር ጓደኛም ሲሞት ወደ ልጅ መጠጋት ነው። ሦስተኛው የቤተሰብ እገዛ አልበቃ ሲል ወደ መጦሪያ መግባት ነው። ልጅዎ ሁለተኛው ላይ ደርሰዋል ብላ ነው የምትጠራዎት። እኔ ግን ገና ነዎት ባይ ነኝ፤ ጉልበትዎ ደረጃውን እምቢ አለ እንጂ ራስዎን ችለው እየኖሩ ነው።

ይሁንና «እስክወድቅ ልቆይ» እንዳይሉ። ሰው አንዴ ከታመመ በኋላ የት እንደሚኖር የሚወስነው እሱ መሆኑ ይቀራል። አልጋ የተገኘበት ይወሰዳል፣ በቃ።

ልጅዎ ጋ መሄድን ካሰቡ መጀመሪያ ለጥቂት ወራት ይሞክሩት። ከቻሉ እሷ ቤት ሳይሆን እሷ አጠገብ ይከራዩ፤ የራስዎ በርና የራስዎ ቁልፍ ይኑርዎት፣ እሷም እንዲሁ። የእርስዎን ቤት እስከዚያው ያከራዩት። እዚያ ሲደርሱ በመኪና እየዞሩ ሰፈሩን አያድንቁ፣ በእግርዎ ይውጡ። መድኃኒት ቤቱ ድረስ ሄደው ይመለሱ። መሐል ላይ አረፍ የሚባልበት ወንበር አለ? ሰፊውን መንገድስ መብራቱ ሳይቀየር ይሻገሩታል? ይህን የምለው በብዙ አገሮች የእግረኛ መብራት ጊዜ የሚሰላው በሰከንድ 1.2 ሜትር ገደማ ለሚራመድ ሰው ስለሆነ ነው፤ ብዙ አረጋውያን ደግሞ ከዚያ ቀስ ይላሉ። ያንን መንገድ መሻገር የፈራ ሰው ቤቱ የቱንም ያህል ቢያምር ቀስ በቀስ ከቤት መውጣት ያቆማል።

ልጅዎንም ፊት ለፊት አንድ ነገር ይጠይቋት፦ ነገ ሥራዋ ወይም ትዳሯ ወደ ሌላ ከተማ ቢወስዳት፣ እርስዎ ከማያውቁት ሰፈር ብቻዎን ሊቀሩ ነው ወይስ እንደገና ሻንጣ ሊያነሱ? ቤቱ ከመሸጡ በፊት መልሷን ይስሙ።