ሱዶሞናሱ መድኃኒት ተላመደ ሲባል

እህቴ፣ የልጅሽ አክታ ላይ ሱዶሞናስ የሚባለው ባክቴሪያ እንደተገኘና ብዙዎቹን አንቲባዮቲኮች እንደተላመደ ነግረውሽ «ታዲያ ምን ቀረን?» ብለሽ ጠይቀሻል። አይዞሽ። የእኔም ልጅ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ (በዘር የሚተላለፍ፣ የሳንባን አክታ የሚያወፍር ሕመም) አለበት፤ አሁን ጎረምሳ ነው። እንዲህ ያለ ውጤት እኛም ቤት በተደጋጋሚ ገብቷል።

የምርመራው ውጤት ወረቀት የሚያሳየው ላቦራቶሪ ውስጥ የሆነውን ነው። ሳንባ ውስጥ ግን ባክቴሪያው በወፍራም አክታ ተከልሎ፣ ባዮፊልም የሚባል ዝልግልግ ሽፋን ሠርቶ ተጣብቆ ነው የሚኖረው። ስለዚህ «ይገድለዋል» የተባለው መድኃኒት አንዳንዴ አይሠራም፤ «ተላምዶታል» የተባለውም አንዳንዴ ልጁን ያሻሽለዋል። ደግሞ የላቦራቶሪው መለኪያ የወጣው በአፍ ወይም በደም ሥር ለሚሰጥ መድኃኒት ነው። በኔቡላይዘር (መድኃኒትን ወደ ጉም በሚቀይር መሣሪያ) የሚሳበው ቶብራማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክ በቀጥታ አክታው ላይ ስለሚያርፍ፣ እዚያ የሚደርሰው መጠን በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የልጄ ሐኪም ወረቀቱ «ተላምዷል» እያለም አላስቆመውም። ሳሉን፣ ክብደቱንና የትንፋሽ ምርመራውን እያየ ቀጠለበት። 28 ቀን ይወስዳል፣ 28 ቀን ያርፋል። በእረፍቱ ወር አዝትሪዮናም የተባለ ሌላ አንቲባዮቲክ ይስባል።

የዕለቱን ሕክምና ቅደም ተከተል አደራ። መጀመሪያ የአየር ቧንቧ የሚከፍተው፣ ቀጥሎ አክታ የሚያቀጥነው የሚሳብ ጨዋማ ውኃ፣ ከዚያ አክታው እንዲወጣ ደረትን የሚያርገፈግፈው ጃኬት። አንቲባዮቲኩ መጨረሻ ላይ ነው። አክታው ሳይወጣ ከሳበው መድኃኒቱ ላዩ ላይ ይቀራል።

የኔቡላይዘሩ ኩባያም ቀላል ነገር አይምሰልሽ። ሱዶሞናስ እርጥበት ይወዳል። እኔ በሳሙና አጥቤ አምስት ደቂቃ እቀቅለዋለሁ፣ ከዚያ ንጹሕ ወረቀት ላይ ዘርግቼ በራሱ እንዲደርቅ እተወዋለሁ። በጨርቅ አልወለውለውም፤ ከተቀቀለ በኋላም በቧንቧ ውኃ አላለቀልቀውም። የሚቀቀል መሆኑን ግን መመሪያው ላይ አይተሽ አረጋግጪ። ጉንፋን የያዘው ዘመድ ለጥየቃ ሲመጣም ይሉኝታ ይቅር። ቡናው ሌላ ቀን ይጠጣል።

አሜሪካ ውስጥ በ2019 የተፈቀደው ትሪካፍታ፣ የበሽታውን መነሻ የሆነውን የፕሮቲን ጉድለት የሚያስተካክል የሚዋጥ መድኃኒት፣ ብዙ ልጆችን ረድቷል። አክታውን ያቀጥነዋል፤ የቆየ ሱዶሞናስን ግን ብዙ ጊዜ አያጠፋም። ስለዚህ የሚሳበውን መድኃኒት ከሐኪም ጋር ሳትነጋገሪ እንዳታቋርጪ። ትሪካፍታ ሕመሙን በሚያመጡት የዘረመል ለውጦች ሁሉ ላይም አይሠራም፤ የአፍሪካ ዝርያ ባላቸው ታማሚዎች ላይ ደግሞ የማይሠራባቸው ለውጦች በብዛት ይገኛሉ። የልጅሽ ዘረመል ሙሉ በሙሉ ተነቧል ወይስ የተለመዱት ለውጦች ብቻ ናቸው የታዩት? ይህን ጠይቂ፤ ብዙ ወላጅ አይጠይቅም።

ሕመሙ ብሶ ሆስፒታል ከገባ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት አንቲባዮቲክ አብረው በደም ሥር ይሰጡታል። አንዱ ቶብራማይሲን ከሆነ ኩላሊትንና ጆሮን ሊጎዳ ስለሚችል የመድኃኒቱ መጠን በደም ምርመራ መለካቱን ተከታተይ። የመስማት ምርመራም እንዲያደርጉለት ከአሁኑ ንገሪያቸው።