ሌሊት ስነዳ ምን ልስማ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምኖረው ዳላስ ነው። ትራክ መንዳት ከጀመርኩ ዓመት አልሞላኝም። ሎዴ (የምጭነው ዕቃ) ብዙ ጊዜ ወደ ፊኒክስ ነው፤ የምነዳውም ሌሊት። አቢሊን ሳልደርስ የዳላስ ኤፍኤም ይጠፋል፤ ስልኩም ኔትወርክ የሚያጣበት ቦታ አለ። የሐበሻ ሾፌሮች ሌሊቱን ሙሉ በስልክ በቡድን የሚያወሩበት ኮንፈረንስ አለ፤ እኔንም አስገብተውኛል። ግን ፖለቲካ ሲነሳ ጭቅጭቅ ይሆንና ያደክመኛል። አንድ ነባር ሾፌር "ኤኤም ሬዲዮ ክፈት" አለኝ። እውነት ይጠቅማል? እንቅልፍስ ያባርራል?

መልስ፦ ነባሩ ሾፌር ልክ ነው ወንድሜ። እኔም ትራክ በምነዳበት ዘመን ብዙ ሌሊት የገፋሁት በኤኤም ነው።

መጀመሪያ 820 ላይ አድርገው። ደብሊውቢኤፒ የሚባለው የፎርት ወርዝ ጣቢያ ነው። ኃይሉ 50 ሺህ ዋት ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ለኤኤም ጣቢያ ከዚህ በላይ አይፈቀድም። ቀን ላይ ፀሐይ ከሰማይ ከፍታ የምትፈጥረው አንድ ንብርብር የኤኤምን ሞገድ ይውጠዋል። ማታ ያ ንብርብር ይጠፋል። ሞገዱ ከሱ በላይ ወዳለው ንብርብር ይደርስና ወደ ምድር ይመለሳል። ለዚህ ነው የፎርት ወርዝ ጣቢያ ሌሊት ምዕራብ ቴክሳስ ውስጥ እስካሉት ፔኮስና ቫን ሆርን ድረስ የሚከተልህ። እየራቀ ከሄደ ደግሞ 850 ላይ የዴንቨሩን ኬኦኤ ሞክር።

የሾፌሮች የሌሊት ፕሮግራም የተወለደውም እነዚህ ትልልቅ ጣቢያዎች ላይ ነው። ቢል ማክ በ1969 በዚሁ በደብሊውቢኤፒ ጀመረ። በ1971 ቻርሊ ዳግላስ ከኒው ኦርሊንስ በ870 ቀጠለ። በ1984 ደግሞ ዴል ሶመርስ በሲንሲናቲው 700 ላይ መጣ። ሾፌሩ ትራክ ስቶፕ (የትራኮች ማረፊያ) ላይ ቆሞ፣ ሳንቲም በሚበላው ስልክ ይደውልላቸው ነበር። የትኛው መንገድ በረዶ እንደያዘው፣ የት እንደተዘጋ ሌላው ከሱ ይሰማል። የማያውቀው ሰው ድምፅ ብቸኝነቱን ያቀልለታል። እኔ ይሄን እንደ ትልቅ ውለታ ነው የማየው። ዛሬ የዚህ ዓይነት ወሬ በብዛት ያለው ሳተላይት ሬዲዮ ላይ ነው፤ ሲሪየስ ኤክስኤም በሚባለው የሳተላይት ሬዲዮ ቻናል 146 ለሾፌሮች የተለየ ነው። ወርሃዊ ክፍያ አለው፤ በረሃ ውስጥ ግን አይጠፋብህም።

ስለ ኮንፈረንሱ፦ አትውጣ። በዚያ ሰዓት አማርኛ መስማት ራሱ ነፍስ ይዘራል። ጭቅጭቅ ሲነሳ ግን ዝጋው። የተናደደ ሰው መንገዱን እያየም አያየውም፤ ሰማንያ ሺህ ፓውንድ የሚመዝን ትራክ ይዘህ ደግሞ ይሄ አይሆንም። ቡድኑ ውስጥ ታላላቆች ካሉ "ከእኩለ ሌሊት በኋላ ፖለቲካ ይቅር" ብለህ ለምናቸው፤ አያሳፍርም። ስልኩን ግን በእጅህ አትያዝ። ከ2012 ጀምሮ ለኛ ሥራ በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው።

እንቅልፍ ያባርራል ወይ ላልከው፣ አያባርርም። ይህን በደንብ ያዝልኝ። ወሬ እንቅልፍን ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ድምፁን ብትጨምርም ያው ነው። በእንቅልፍ የሚመጣ አደጋ የሚበዛው ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ባለው ጊዜ ነው። እኔ ራሴን የምፈትነው እንዲህ ነበር፦ አሁን ሬዲዮው ላይ የደወለው ሰው ምን አለ? መመለስ ካቃተኝ የሚቀጥለው መውጫ ላይ እወጣለሁ። ቡና ጠጥተህ ወዲያው ሃያ ደቂቃ ተኛ፤ ስትነሳ ቡናው መሥራት ጀምሯል። ካልበቃህ ሙሉ እንቅልፍህን ተኛ። ትራክ ስቶፖች ገና በጊዜ ስለሚሞሉ ሁለት ሦስት የምታርፍበት ቦታ ከመነሳትህ በፊት ለይ።

ዲስፓቸሩ (ከኩባንያው ሥራ የሚመድብልህ ሰው) "ሰዓት አለህ፣ ንዳ" ቢልህስ? ሕጉ እንድትነዳ የሚፈቅድልህ 11 ሰዓት ጣሪያ ነው፤ የግድ መሙላት የለብህም። የፌዴራሉ ደንብ ቁጥር 392.3 የደከመ ሾፌር እንዳይነዳ፣ ኩባንያውም እንዳያስነዳው ይከለክላል። "ደክሞኛል፣ መንዳት አልችልም" የሚለውን በቴክስት ላክለትና መልሱን አስቀምጥ። አስገድዶህ ከሆነ የትራክ ሥራን ለሚቆጣጠረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት፣ ለኤፍኤምሲኤስኤ፣ በ90 ቀን ውስጥ አቤት ማለት ትችላለህ፤ ያ ቴክስት ያኔ ማስረጃህ ይሆናል።