ረጅም ትራንዚት ላለባችሁ፦ ቲኬቱን ከመቁረጣችሁ በፊት

ሀገር ቤት ለመሄድ ቲኬት ስንፈልግ ሁላችንም መጀመሪያ የምናየው ዋጋውን ነው። ቤተሰብ ይዞ ለሚጓዝ ሰው በነፍስ ወከፍ 200 ዶላር ልዩነት ቀላል ገንዘብ አይደለም። ከዋጋው አጠገብ ግን ትራንዚቱ ስንት ሰዓት እንደሆነ ተጽፏል። 9 ሰዓት፣ 14 ሰዓት፣ አንዳንዴም 21 ሰዓት ይላል። እሱን አይተን እናልፈዋለን። የሚገባን ልጆቹ ኤርፖርት ወለል ላይ ጃኬት ተነጥፎላቸው ሲተኙ ነው። ስለዚህ የምመክራችሁ አብዛኛው ነገር ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ የምታደርጉት ነው። ረጅም ትራንዚት የሚቀልለውም የሚከብደውም ቲኬቱ በሚቆረጥበት ቀን ነው።

ከሁሉ በፊት ቲኬቱ ከመነሻ እስከ መድረሻ አንድ ይሁን። ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ ርካሽ ሆኖ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ሁለት ለየብቻ የሚሸጥ ቲኬት ተገጣጥሞ ነው። ለምሳሌ ከዴንቨር ፍራንክፈርት በአንዱ አየር መንገድ፣ ከፍራንክፈርት አዲስ አበባ በሌላው። የመጀመሪያው አውሮፕላን ቢዘገይና ሁለተኛው ቢያመልጣችሁ፣ ሁለተኛው አየር መንገድ ምንም ዕዳ የለበትም። «በሰዓቱ አልመጣችሁም» ብሎ ያልፋል። አዲስ ቲኬት በዚያች ሰዓት ዋጋ ትገዛላችሁ። በአንድ ቡኪንግ የተገዛ ከሆነ ግን ወደሚቀጥለው በረራ የማሸጋገር ኃላፊነቱ የእነሱ ነው።

ሁለት ቲኬት ሌላም ጣጣ አለው። ሻንጣችሁ እስከ መጨረሻው ላይላክ ይችላል። መሃል ላይ ወጥታችሁ ተረክባችሁ እንደገና ማስረከብ ይኖርባችኋል። ለመውጣት ደግሞ ኢሚግሬሽን ማለፍ አለባችሁ፤ ያ ማለት ቪዛ ነው። መነሻ ላይ ሻንጣው ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት አንብቡ። ትልልቁ ሦስት ፊደል የመጨረሻ መድረሻችሁ መሆን አለበት። ካልሆነ ከካውንተሩ ሳትነሱ ጠይቁ።

ፓስፖርት ላይ ጠበቅ ብዬ ልናገር፤ ሰው የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። የአሜሪካ ወይም የአውሮፓ ዜግነት ያለው ወንድም ለራሱ እንደሚቆርጠው አድርጎ ለእህቱ ይቆርጥላታል። እሷ ግን የያዘችው የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው። ኢትዮጵያ በአውሮፓ የሸንገን አገሮች (የጋራ ቪዛ ያላቸውና በመካከላቸው የድንበር ቁጥጥር የሌለባቸው አገሮች) የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ ከሚጠየቁት አገሮች ዝርዝር ውስጥ ናት። ከኤርፖርቱ ባትወጡም፣ ከጌት ወደ ጌት ብቻ ብታልፉም ቪዛ ይጠየቃል። ግሪን ካርድ ያለው፣ ወይም የሚሠራ የአሜሪካ፣ የካናዳ ወይም የሸንገን ቪዛ ያለው ሰው ከዚህ ነፃ ነው። የአሜሪካ ቪዛውን ተጠቅሞ የሚመለስም እንዲሁ። እንግሊዝ የራሷ ሌላ ሕግ አላት። የስደተኛ ትራቭል ዶክመንት የያዛችሁ ደግሞ የጓደኛችሁን ልምድ አትከተሉ፤ የምታልፉበትን አገር ኤምባሲ በጽሑፍ ጠይቁ። ሕጉ ይለዋወጣል፤ አምና ያለፈ ሰው ዘንድሮ ሊመለስ ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ነፃ ናችሁ የተባለው ለአንድ ኤርፖርት ነው። ጉዞው ከፍራንክፈርት ቪየና፣ ከዚያ ወደ አሜሪካ ከሆነ ሸንገን ውስጥ ገብታችኋል ማለት ነው። ሁለቱ በሸንገን ውስጥ ስለሆኑ በመካከላቸው ያለው በረራ እንደ አገር ውስጥ ይቆጠራል። ያኔ የኤርፖርት ትራንዚት ነፃነቱ አይሠራም፤ የመግቢያ ቪዛ ያስፈልጋል። ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ሁለት የአውሮፓ ኤርፖርት ያለበት ቲኬት በጭራሽ አትቁረጡ።

የውጭ ፓስፖርት ላላችሁ ረጅሙ ትራንዚት መልካም ቀን ሊሆን ይችላል። የቱርክ አየር መንገድ ኢስታንቡል ላይ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ለሚቆዩ መንገደኞቹ ነፃ የከተማ ጉብኝት አለው። የአሜሪካ ወይም የካናዳ ፓስፖርት የያዘ ሰው ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ ለጉብኝት ቱርክ ቪዛ አይጠየቅም። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ግን ቪዛ ከሌላችሁ ጉብኝቱ ለእናንተ አይሆንም። ፍራንክፈርት ከሆነ ባቡሩ ከኤርፖርቱ ሥር ይነሳል፤ መሃል ከተማው ሩብ ሰዓት ገደማ ነው። እንጀራ በልታችሁ ትመለሳላችሁ። ግን ከ2025 ጥቅምት ወዲህ የአውሮፓ ዜጋ ያልሆነ ሰው ሲገባ የጣት አሻራና ፎቶ መስጠት ስለጀመረ ሰልፉ ረዝሟል። እኔ ከ7 ሰዓት በታች ከሆነ አትውጡ እላለሁ። መግቢያው ሰልፍ፣ መመለሻው ፍተሻ፣ ልባችሁም ሰዓት ላይ ስለሚሆን የምትደሰቱበት ጊዜ አይተርፍም።

ሆቴል የሚሰጡም አሉ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ አዲስ አበባ ላይ ከ8 ሰዓት በላይ ለሚጠብቅና ቀደም ያለ በረራ ለሌለው መንገደኛ ሆቴል ያዘጋጃል። የዱባዩ ኤምሬትስም ተመሳሳይ አሠራር አለው። ሁሉም ቲኬት ግን አያሰጥም። ስለዚህ ስትገዙ «ትራንዚቴ ሆቴል ያሰጣል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የሰጧችሁን መልስ በኢሜይል ያዙ። ከጆሃንስበርግ ወይም ከቤይሩት ተነስታችሁ በአዲስ አበባ የምታልፉ ደግሞ ሆቴሉንም ተዉት። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ አያሻችሁም፣ ቤተሰብ አለ። ቤታችሁ ሄዳችሁ ምሳ ብሉ።

መውጣት ለማይችል ሰው ኤርፖርቱ ውስጥ ማረፊያ አለ። ፍራንክፈርት ተርሚናል 1 ትራንዚት ክልል ውስጥ በሰዓት የሚከራይ ሆቴል አለ፤ ኢስታንቡልና ዶሃም አላቸው። ቀድሞ መያዝ ይሻላል። ያን ካልቻላችሁ ላውንጅ በቀን ክፍያ ይገባል፤ ልጆች ካሉ ሻወሩና ምግቡ ያዋጣል። የእጅ ሻንጣ ውስጥ ጋቢ ይኑር። ኤርፖርት ሌሊት ይበርዳል፤ ጋቢ ብርድ ልብስም ትራስም ይሆናል። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ያዙ። ጾም ከሆነ ለአየር መንገዱ ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት ደውላችሁ የቬጋን ምግብ እዘዙ፤ አውሮፕላን ውስጥ ገብቶ መጠየቅ ዋጋ የለውም። በየሰዓቱ ተነስታችሁ ተራመዱ፤ እግር ያብጣል። ዋይፋይ በነፃ አለ፤ ግን አንዳንዱ ቦታ ኮድ በኤስኤምኤስ ስለሚልክ ስልካችሁ ውጭ አገር የማይሠራ ከሆነ አይከፈትላችሁም። ቦርዲንግ ፓስና የቤተሰብ ስልክ በወረቀት ይያዙ።

ሻንጣ ላይ የምናጣው ብዙ ነው። ቦሌ ላይ በእጅ ያለፈ ንጥር ቅቤና ማር ትራንዚት ላይ እንደገና ሲፈተሽ ይጣላል። እንደ ፈሳሽ ይቆጠራሉ፤ ወሰኑ በአብዛኛው ቦታ 100 ሚሊ ሊትር ነው። እናት ሦስት ቀን ያነጠረችው ቅቤ ቅርጫት ውስጥ ሲወረወር ማየት ያማል። ሻንጣ ውስጥ ይግባ። በርበሬና ሽሮም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ወደ አሜሪካ በሚሄድ በረራ ላይ በእጅ የተያዘ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ ዱቄት የተለየ ምርመራ ይደረግበታል፤ ካልተለየ አይገባም። ቋንጣ አሜሪካም አውሮፓም አይፈቀድም። አሜሪካ ስትደርሱ ምግብ እንዳለ ተናገሩ። ከተናገራችሁ የማይፈቀደውን ብቻ ይወስዱታል፤ ከደበቃችሁ ቅጣት አለው፣ ቀጣዩ በረራም ያመልጣችኋል። ጫትን በተመለከተ አጭር ነው፦ ለማንም፣ በምንም ምክንያት አትያዙ። ኤርፖርት ላይ «ኪሎዬ በዛ፣ ይቺን ያዝልኝ» የሚል ሰው ቢያሳዝናችሁም እምቢ በሉ። ስማችሁ ያለበት ሻንጣ ውስጥ የሚገኘው ሁሉ የእናንተ ነው።

መዘግየትን በሚመለከት ወገኖቻችን መብታቸውን ስለማያውቁ ዝም ብለው ያድራሉ። ከአውሮፓ ኅብረት አገር የሚነሳ በረራ ሁሉ፣ የየትኛውም አየር መንገድ ይሁን፣ በደንብ ቁጥር 261/2004 ይገዛል። ዜግነት አይጠየቅም፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘም እኩል መብት አለው። ረጅም መዘግየት ከሆነ ምግብና መጠጥ፣ ማደር ካስፈለገ ሆቴል ይገባችኋል። ጥፋቱ የአየር መንገዱ ከሆነና መድረሻችሁ ላይ ከ3 ሰዓት በላይ ከዘገያችሁ፣ ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ ለሆነ ርቀት ካሳው እስከ 600 ዩሮ ይደርሳል። ከፍራንክፈርት አዲስ አበባ ከዚያ ይርቃል። የአየር ሁኔታ ከሆነ ካሳው ይቀራል፤ ምግቡና ማደሪያው ግን አይቀርም። ቪዛ ስለሌላችሁ ወደ ሆቴል መውጣት ካልቻላችሁ ትራንዚት ውስጥ ማረፊያ እንዲሰጧችሁ ጠይቁ። የከፈላችሁበትን ደረሰኝ ሁሉ አስቀምጡ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ብቻቸውን ስለሚመጡት እናቶቻችንና አባቶቻችን።

ለእናታችሁ ስትቆርጡ በርካሽ አትቁረጡ። ቀጥታ በረራ ካለ ልዩነቱን ወንድምና እህት ተዋጥታችሁ ክፈሉ። አሜሪካ ውስጥ ሌላ በረራ የሚቀጥል ከሆነ ደግሞ አስቡበት። አሜሪካ የሚገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ባረፈበት ኤርፖርት ኢሚግሬሽን ያልፋል፣ ሻንጣውን አንስቶ እንደገና ያስረክባል። እንግሊዝኛ ለማትችል እናት ይህ ከፍራንክፈርቱም ይከብዳል። ዋሽንግተን ዘመድ ካለ ተቀብሎ አሳድሮ በማግስቱ አብሮ ቢያሳፍራት ይሻላል። ዘመድ ከሌለ ቢያንስ 4 ሰዓት ይኑር መሃል ላይ።

ዊልቸር እዘዙላት። «እኔ መቼ እግሬ ተሰበረ?» ትላለች፤ እናቶቻችን ያፍራሉ። ወንበሩ ለእግሯ ብቻ እንዳልሆነ ንገሯት። የሚገፋው ሰው ፍተሻውን ያሳልፋታል፣ ጌቱን ያውቃል፣ ከሰልፍ ያወጣታል። በአውሮፓ ደንብ ቁጥር 1107/2006 ይህ እርዳታ በዕድሜ ምክንያት መንቀሳቀስ የሚከብደውንም ሰው ያጠቃልላል፤ ክፍያ የለውም፤ ከ48 ሰዓት በፊት መጠየቅ አለበት። አሜሪካም በነፃ ነው። መነሻ ላይ መጠየቁ ተመዝግቦ እንደሆነ ደግማችሁ አረጋግጡ። አንድ ነገር አስጠንቅቋት፦ ጌት አጠገብ አስቀምጠዋት ሊሄዱ ይችላሉ። ከዚያ ቦታ አትነሳ። ሰው ሲመጣ ቦርዲንግ ፓሷን ታሳይ።

ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ጻፉላት። ቲኬቱ 22:30 ቢል ለእሷ ከምሽቱ 4:30 ነው። 00:20 የሚል በረራ ደግሞ ቀኑን ያሳስታል። ቲኬቱ ላይ ቅዳሜ ተብሎ ቢጻፍም ኤርፖርት የምትሄደው ዓርብ ማታ ነው። በዚህ ምክንያት በረራ ያመለጣቸውን አውቃለሁ። ለሸኚዎቹም ደውላችሁ ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ንገሯቸው።

አንገቷ ላይ የምታንጠለጥለው ትንሽ ቦርሳ ይኑራት። ፓስፖርት፣ ቦርዲንግ ፓስ፣ የመድኃኒት ወረቀት፣ ትንሽ ዩሮ ወይም ዶላር። አንድ ወረቀት ላይ በእንግሊዝኛ በትልቁ ጻፉ፦ አማርኛ ብቻ እንደምትናገር፣ ወዴት እንደምትሄድ፣ የበረራው ቁጥር፣ የእናንተ ስልክ ከነአገሩ ኮድ። የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒቷ በእጇ ይሁን። ኢንሱሊን ወደታች በሚገባ ሻንጣ አይላክም፤ እዚያ ሊቀዘቅዝ ይችላል። ቦሌ ሰልፍ ላይ ወደዚያው የምትሄድ ሐበሻ ካገኘች አብራ ትሂድ፤ ፓስፖርቷን ግን ለማንም አትስጥ።

የቲኬቷን ኮፒ እናንተም ያዙ። ጥያቄ ቢመጣ አየር መንገዱ የሚያናግረው የቡኪንግ ቁጥሩን የያዘ ሰው ነው። በረራውን በስልካችሁ ተከታተሉ። ካረፈች በኋላ እስክትወጣ ሁለት ሰዓት ቢፈጅም አትደንግጡ፤ ኢሚግሬሽኑም ሻንጣውም ጊዜ ይወስዳል። ስልኳ ስለማይሠራ መውጫው ላይ በዓይን የምትታዩበት ቦታ ቁሙ፤ ውሃና የምትቀምሰው ነገር ያዙላት።